የሻይ ሰደቃና የጠፋችው ግመል

በዚያ ሐሙስ በሻይ ቤቴ በረንዳ ላይ የነበሩት እነዚህ ናቸው፦ የቀበሌው ሊቀመንበር፣ ከነባርኔጣው፤ የወጣት ማህበሩ ካድሬ፣ ከነእስክሪብቶው፤ የጤና ጣቢያው ድሬሰር፣ ከነመርፌ ሳጥኑ፤ ከጥጥ እርሻው ጽሕፈት ቤት አንድ ጸሐፊ፣ ከሴት ልጁ ጋር፤ ሻይ ሊጠጡ የመጡ ወጣቶች፣ አግዳሚው ሙሉ፤ ባሌ፣ አንድ እግሩ በረንዳው ላይ፣ አንዱ ውጭ፤ እኔ። ስብሰባው ከተጀመረ በኋላ አንድ የአፋር ሽማግሌ ሳይጠራ መጣ። ምሰሶው ላይ የታሰረች ፍየልም ነበረች፤ የእሷን ነገር በቦታው እናገራለሁ።

ካድሬው የሁላችንንም ስም ጽፎ ሲጨርስ "የቀረ አለ?" ብሎ ጠየቀ።

"ልጄ ቀርቷል" አልኩ። "የበኩር ልጄ።"

ካድሬው ለከተማው አዲስ ነበር። ቀና ሳይል "ያለ ፈቃድ የቀረ" ብሎ ጻፈ። ባሌን ሳል ያዘው። ሊቀመንበሩ ባርኔጣውን አስተካከለ። የሚያርመው ሰው ግን አልተገኘም። የቀበሌው ቃለ ጉባኤ አይጥ ካልበላው ልጄ ዛሬም እዚያ ውስጥ ያለ ፈቃድ እንደቀረ ነው። እውነቱን ለመናገር ከዚያ የተሻለ አጻጻፍ እኔም አላገኘሁለትም።

ትውልዴ ወሎ ነው። ባሌ የባቡር ፉርጎ የመጠገን ሥራ ሲያገኝ ተከትዬው አዋሽ ወረድኩ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ከባድ መኪኖች ወደ አሰብ ሲሄዱና ሲመለሱ በሚቆሙበት መንገድ ዳር ሻይ ቤት ከፈትኩ። በተፈጥሮዬ ፈሪ ነኝ። ለልጆቼ ጊንጥን እፈራለሁ፣ ፀሐይን እፈራለሁ፣ ተሳቢ ያለው መኪና እፈራለሁ፣ ባቡር እፈራለሁ፣ ባቡር የማይመጣበትን ቀን ደግሞ ይበልጥ እፈራለሁ፤ ልጆቹ ሐዲዱ ላይ ይቀመጣሉና። ጫማ ሳያራግፉ እንዳያጠልቁ፣ ያልፈላ ውሃ እንዳይጠጡ፣ ከማያውቁት ሰው ጋር ስለ መንግሥት እንዳያወሩ፣ ከሚያውቁት ሰው ጋር ደግሞ ጨርሶ እንዳያወሩ አስተምሬያቸዋለሁ። በዚህ ሁሉ ጥንቃቄ የበኩር ልጄ ለአካለ መጠን ደረሰ። ጊንጥ አልነደፈውም፣ መኪና አልገጨውም፣ አብዮት ጠባቂ አልያዘውም። አንድ ቀን ጠዋት ወንዝ ወረደና አልተመለሰም።

ከዚያ በፊት ለብዙ ወራት ዝም ብሎ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ውጤት ይጠብቅ ነበር፤ ግን ውጤቱ ነው ምክንያቱ አልልም። ምን እንደነካው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ አውቃለሁ የሚለኝንም ሰው አላምንም። ከሳ። ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ይቀመጣል። ከእጁ የማይለያትን ትንሽ ሬዲዮ ለታናሹ ሰጠ። እኛ ቤት "እንዴት ያለ ለጋስ ልጅ ወጣልን" ተባለ።

ከተማው ወዲያው "አዞ ነው" አለ። አዞ ለሁሉም የሚመች መልስ ነበር። ለቀበሌው ይመቻል፤ በአብዮታዊት አገር ወጣት ሆድ ብሶት አይሞትም፣ በአዞ ግን ሊበላ ይችላል፤ አዞ ንቃት የለውም። ለጎረቤት ይመቻል፤ "ምን ሆኖ ነበር?" ብሎ ከመጠየቅ ያድነዋል። ለእኛም፣ አልደብቅም፣ ይመች ነበር። ለቅሶ የመጣ ሰው ሁሉ አዞ እየረገመ ገባ፣ አዞ እየረገመ ወጣ። ሳልስቱ እንዳለፈ ቀበሌው የአዞ መከላከያ ኮሚቴ አቋቋመ። ሰብሳቢ ነበረው፣ ጸሐፊ ነበረው፣ የቅስቀሳ ኃላፊም ነበረው። ኃላፊው የሚቀሰቅሰው እኛን ይሁን አዞዎቹን አልተገለጸም። ከዚያ ከወንዙ ዳር፣ የገደሉ መውረጃ ከሚያልቅበት ቦታ፣ ቀይ የተቀባ የቆርቆሮ ቦርድ ተተከለ፦ "ከአዞ ተጠንቀቁ! ወጣቱ የአገር ሀብት ነው!" የምረቃው ቀን ከበሮ ተመታ። እኔም እንድገኝ ተጠርቼ ነበር፤ ወጥ ጥጄ ነበር ብዬ ቀረሁ። ለአዞው ቦርድ ተተከለለት። ልጄን ወደ አዞው ላወረደው ነገር ግን ቦርድ የተከለለት የለም።

እኛ ደጋ የተወለድን ሰዎች ሰላምታ ስናበዛ ለጉድ ነው። "እንዴት አደርክ? ደህና ነህ? ሰላም ነህ? ቤተሰብ ደህና ነው?" ጥያቄው ሳያልቅ መልሱ ይደርሳል። እስላሙ "አልሃምዱሊላህ፣ ደህና"፣ ክርስቲያኑ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና።" አንዱ ጠይቆ ሳይጨርስ ሌላው መልሶ አልፎ ይሄዳል። ልጄን ባጣሁ ማግስት ለጠየቀኝ ሁሉ "ደህና ነኝ" ብያለሁ። ሰዉም አምኖኝ ሄዷል።

አፋሮች ግን ሌላ ናቸው። ሁለት አፋሮች ሜዳ ላይ ከተገናኙ ቁጭ ብለው ዳጉ ይለዋወጣሉ። ዳጉ ወሬ ነው፤ ነገር ግን እኛ እንደምናውቀው ወሬ አይደለም። ከየት መጣህ? ምን አየህ? በዓይንህ አይተህ ነው ወይስ ሰምተህ? ማን ነገረህ? ዝናብ የት ጣለ? ማን ታመመ? የሚጠየቀው ሰው ያየውን ሁሉ አውጥቶ ይናገራል፣ ከዚያ ተራው ደርሶ ይጠይቃል። "ደህና" ብሎ ማለፍ የለም፤ እንደዚያ ያለ ሰው አንድ ነገር ደብቋል ይባላል።

ይህን ያየሁት ከአንድ ደንበኛዬ ነው። ጥበበኛ ሽማግሌ ነበር ብዬ ባሳምረው ደስ ባለኝ። አልነበረም። ስኳር ያበዛል፣ የማያገባው ነገር ውስጥ ይገባል፣ ስለ ግመሎቹ ከጀመረ ፀሐይ ትጠልቃለች። አማርኛው ወንድና ሴት አይለይም፤ ትልቅ ትንሹን ሁሉ "አንተ" ነው የሚለው። ለቅሶ ሲመጣ አዞ አልረገመም። ከምንጣፉ ጫፍ ቁጭ አለና "ልጅህ መጨረሻ ምን ተናገረ?" አለኝ።

ጎረቤቶቼ ክው አሉ። አንዲቱ ጆሮዬ ሥር "ይሉኝታ የሌለው" አለች። እኔ ግን ነገርኩት። የመጨረሻው ቀን ሻይ ስቀዳለት "እማ፣ ስኳሩ በዛ" እንዳለኝ ነገርኩት። "ጠጣው ወይስ ተወው?" አለኝ። ጠጣው አልኩት። ስለ አዞ ሳይሆን ስለ ልጄ የጠየቀኝ ሰው እሱ ብቻ ነበር።

ዓመቱ ሲደርስ ሰደቃ ማውጣት ነበረብን። ባሌ ፍየል ገዝቶ መጣ። እኔ ግን "ሰደቃውን ሻይ ላድርገው" አልኩት።

"ሻይ?"

"ሻይ። ሐሙስ ሐሙስ፣ ከዐሱር በኋላ፣ ለወጣት ሁሉ በነፃ። ዋጋው ዳጉ ነው። ያየውን ሳይናገር የሚጠጣ የለም።"

ባሌ ብዙ ካሰበ በኋላ "ፍየሏ ትሻል ነበር" አለ። "ፍየል አንድ ቀን ተበልታ ታልቃለች። ይሄ የት ነው የሚያልቀው?" ቢሆንም ከተጣለ ፉርጎ እንጨት ረጅም አግዳሚ ወንበር ሠራልኝ። ፍየሏንም አልሸጣት፤ ሐሳቤን ብቀይር ብሎ ከምሰሶው አሰራት። ዓመት ሙሉ እዚያው ቆየች፤ ወፈረች።

ወጣቶቹ የመጡት ለዳጉ አልነበረም፤ ለስኳር ነው። ያኔ ስኳር ከቀበሌው ሱቅ በራሽን ነበር የሚወጣው፤ ለአንድ ቤተሰብ የሚሰጠው ለአንድ ሽማግሌ አይበቃም። እኔ ስኳሩን ከየት እንደማመጣ የሚያውቁት አላህና ከአሰብ የሚመለሱ ሾፌሮች ነበሩ።

"ምን አየህ?" እላለሁ፣ ማንቆርቆሪያውን አንስቼ።

"ምንም፣ እትዬ።"

"ምንም ላላየ ሻይ የለም።"

"እሺ፣ የእንጀራ አባቴን ፊት አየሁ።"

"አሁን ገና ስኳር ይገባሃል።"

አንዱ ጅብ ባቡር ላይ ተሳፍሮ አየሁ አለ። ጓደኞቹ "ኧረ እትዬ፣ ይሄ ለሁለት ማንኪያ ስኳር ጅቡን ድሬዳዋ አደረሰው!" ብለው ሳቁበት። እሱም "ትኬት ቆርጦ ነው፣ ምን አገባችሁ" አለ። ውሸቱም ሳቁም ከሳምንት ሳምንት እያለቀ ሄደ። አንድ ሐሙስ ያ የጅቡ ልጅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እኔ እንቅልፍ ከተኛሁ ቆየሁ" አለ። ለውትድርና መልማይ መጣ በተባለ ቁጥር በሩ የተንኳኳ ይመስለዋል።

"ስለ መንግሥት አይወራም ብያለሁ" አልኩት፣ ወዲያ ወዲህ እያየሁ።

"እኔ የማወራው ስለ እንቅልፍ ነው፣ እትዬ።"

እንቅልፍ አልተከለከለም ነበርና ቀዳሁለት። ከጎኑ ያለው "እኔም" አለ። ከእሱ ቀጥሎ ያለውም "እኔም።"

የጸሐፊው ልጅ የምትቀመጠው ከአግዳሚው ጫፍ ነው። እናቷ ያለፈው ክረምት በወባ ሞታባታለች። አባቷ ጨዋ ሰው ነበር፤ የእጅ ጽሑፉ ውበት እስከ መተሐራ የተወራለት። አርባው እስኪወጣ አለቀሰ፤ አርባው ሲወጣ ለቅሶውንም እንደ ፋይል ዘጋው። ልጅቱንም "በቃ፣ ወጉ ደርሷል" አላት። ከዚያ ወዲያ እሷ መናገርም ተወች ማለት ይቻላል። ትመጣለች፣ ትቀመጣለች፣ "ምን አየሽ?" ስላት ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች። ዳጉ የለም፣ ስለዚህ ሻይም አትቀበልም። ሕጌን ያከበረችልኝ እሷ ብቻ ነበረች፤ ሕጉን ያወጣሁ ቀን ቢቀርብኝ ይሻል ነበር አልኩ።

አንድ ቀን ጓደኛዋ ጆሮ ላይ የብር ጉትቻ አየሁ። "የማን ነው?" አልኳት። "እሷ ሰጠችኝ፣ እትዬ። የእናቷ ነው። ያዢው፣ አልፈልገውም አለችኝ።" የልጄ ሬዲዮ ትዝ አለችኝ። የእናት ጉትቻ ለሰው የሚሰጥ ልጅ ለጋስ ሆኖ አይደለም።

ልጅቱን ጓዳ ጠርቼ "ምን ሆነሽብኝ ነው?" አልኳት። "ደህና ነኝ፣ እትዬ" አለች። አባቷ ዘንድ ሄድኩ። "ለልጅዎ ፈራሁላት" አልኩት። "ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ዕድሜዋ ነው" አለ። ድሬሰሩን ጠየቅኩ፤ "ትኩሳት አላት?" አለኝ። ትኩሳት የላትም። ትኩሳት የሌለው ነገር ጤና ጣቢያ አይታከምም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ወንዝ ይህችንም እንዳይወስዳት ነበር የእኔ ጭንቀት። ሌላ ጭንቀት ሁሉ ተረሳኝ፤ ጊንጡም ባቡሩም።

በዚህ መሐል ቀበሌው ሰማ። "የሻይ ቤቷ ባለቤት ወጣት ሰብስባ ወሬ ታቀባብላለች" ተብሎ ተነገረ። ሊቀመንበሩ ሊያስረኝ ይችል ነበር። ግን ክፉ ሰው አልነበረም፣ ሻይም ይወድ ነበር። ሲጠራኝ እንዲህ አለኝ፦ "ጓዲት፣ ያልተደራጀ ወሬ አሉባልታ ነው። የተደራጀ ወሬ ደግሞ ውይይት ነው። ስለዚህ እንደራጅ።" በዚህ መንገድ የልጄ ሰደቃ በአንድ ጊዜ የውይይት ክበብ ሆነ። የመጀመሪያው ስብሰባ አጀንዳ "የወጣቶች ትካዜ፣ ምንጩና ማስወገጃው" ነበር። አባቷ እንደ መንግሥት ሠራተኛ ተጋብዞ ልጁን ይዞ መጣ። በመጀመሪያ የዘረዘርኩት ቀን ይህ ነው።

ሊቀመንበሩ ቆሞ ንግግር አደረገ። ትካዜ የባላባቱ ሥርዓት ርዝራዥ መሆኑን፣ ሰፊው ሕዝብ ለመተከዝ ጊዜ እንደሌለው አስረዳ። "በሚቀጥለው ሩብ ዓመት" አለ፣ "በቀበሌያችን ውስጥ ያለውን ትካዜ በግማሽ ለመቀነስ እቅድ ይዘናል።"

የጅቡ ልጅ እጁን አወጣ። "ጓድ ሊቀመንበር፣ የሚቀረው ግማሽ ለማን ይሰጣል?"

"በራሽን ነዋ!" አለ አንዱ ከኋላ።

አግዳሚው በሳቅ ተንቀጠቀጠ። ካድሬው "ሳቅ" ብሎ ይጻፍ አይጻፍ ተቸገረ። ቀጥሎ ድሬሰሩ ትካዜ በአብዛኛው የቫይታሚን እጥረት መሆኑን ተናግሮ ሳጥኑን ከፈተ። ወጣቶቹ መርፌውን ሲያዩ ሁሉም ወደ አንድ ጫፍ ተንሸራተቱ፤ ወንበሩ ሊገለበጥ ነበር። ከዚያ ካድሬው እያንዳንዱ እየተነሣ ስለ ትካዜው ግለሂስ እንዲያደርግ ጠየቀ። ከልጅቱ ጀመረ።

አባቷ በክርኑ ነካ አደረጋት። "ተነሺ። ደህና ነኝ በያቸው።"

ተነሣች። "ደህና ነኝ" አለች። ተቀመጠች።

"ይኸው!" አለ ሊቀመንበሩ። "ገና ክበቡ በተቋቋመ በመጀመሪያው ቀን!" ካድሬው ጻፈ።

ሽማግሌው የደረሰው ያን ጊዜ ነው። ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ በሊቀመንበሩና በካድሬው መሐል ተቀመጠ።

"ሰላም ነህ?" አለ ለሁሉም። "ግመሌ ጠፋ። ቀይ ነው። ግራ ጆሮው የተሰነጠቀ። አርግዟል። ማን አየው?"

"አባባ፣ ስብሰባ ላይ ነን" አለ ሊቀመንበሩ።

"ጥሩ ነው። ብዙ ሰው አለ። ማን አየው?"

"ግመል አጀንዳው ላይ የለም!" አለ ካድሬው።

"እዚያም የለም፣ እዚህም የለም። ለዚህ ነው የምጠይቅ።" ወደ ሊቀመንበሩ ዞረ። "አንተ አየህ?"

"አላየሁም።"

"የት ሆነህ ነው ያላየኸው?"

"እንዴት የት ሆኜ?"

"ጠዋት የት ነበርክ?"

ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ። "ቤቴ።"

ጠዋት የጽዳት ዘመቻ ነበር፤ የቀረ ይቀጣል ተብሎ ጥሩምባ የተነፋበት። ወጣቶቹ ተያዩ። ሽማግሌው ግን ስለ ዘመቻው ግድ አልነበረውም፤ ወደ ሚቀጥለው አለፈ። ሁሉንም በተራ ጠየቀ፣ ድሬሰሩን፣ ባሌን። ቢችል ፍየሏንም ይጠይቅ ነበር። በመጨረሻ ልጅቱ ዘንድ ደረሰ።

"አንተስ?"

"አይቻታለሁ" አለች።

ከ"ደህና ነኝ" በላይ ስትናገር ሰምተዋት የማያውቁ ነበሩ። ማነው የተናገረው ብለው ዞሩ።

"በዓይንህ ነው ወይስ ሰምተህ?"

"በዓይኔ።"

"የት?"

"ወንዙ ዳር። ቦርዱ ሥር።"

"መቼ?"

"ዛሬ። ሊነጋጋ ሲል።"

"ልጄ ከቤት አትወጣም!" አለ አባቷ።

"አንተ ዝም በል። አንተ አላየህም" አለው ሽማግሌው፣ ዓይኑን ከእሷ ሳያነሣ። ጭካኔ አልነበረውም፤ ርኅራኄም አልነበረውም። ምስክሩ እውነተኛ መሆኑን ማረጋገጥ ብቻ ነው የፈለገ። "ከማን ጋር ነበርክ?"

"ብቻዬን።"

"ያን ጊዜ እዚያ ምን ትሠራ ነበር?"

"ምንም።"

"ለምንም ሰው ገደል አይወርድም። ግመሉ ምን ያደርግ ነበር?"

ልጅቱ እጇን ቀሚሷ ውስጥ ቋጠረች። "ቆማ ነበር። ውሃ አልጠጣችም። ዝም ብላ እኔን ታየኛለች። እስክትሄድ ጠበቅኳት። አልሄደችም። ከዚያ ነጋ፣ ሰው መውረድ ጀመረ፣ እኔም ወደ ቤት ተመለስኩ።"

"እስክትሄድ የጠበቅሻት ለምንድነው?" ይህን የጠየቅኩት እኔ ነኝ።

"እያየችኝ አልሆነልኝም፣ እትዬ።"

መንገዱ ላይ አንድ ተሳቢ አለፈ፤ ብርጭቆዎቹ ተንቀጫቀጩ። ካድሬው እስክሪብቶውን ከወረቀቱ አነሣና ሊቀመንበሩን አየው።

"ይሄ... ይጻፍ?"

"አትጻፍ" አለ ሊቀመንበሩ። ባርኔጣውን አወለቀ።

ሽማግሌው ብቻ ነው ደስ ብሎት የተነሣ። "ግመሉ አለ!" አለ። "ና አሳየኝ።" ልጅቱም ተነሣች። እኔ ሽርጤን ሳልፈታ ተከተልኩ፣ እጇን ይዤ። ልጄ ከሄደ ወዲህ ያንን መውረጃ ረግጬው አላውቅም ነበር። ከኋላችን አባቷ፣ ከእሱ ኋላ ባሌ፣ ከዚያ አግዳሚው በሙሉ። ድሬሰሩ እንኳን ሳጥኑን ትቶ መጣ። ክበቡ ያለ አጀንዳ ወንዝ ወረደ።

ግመሏ ከቦርዱ ትንሽ አለፍ ብሎ ካለ ግራር ሥር ነበረች። ሽማግሌው እየተሳደበ አንገቷን አቀፈ። አባቷ ቦርዱ ፊት ቆሞ ከላይ እስከ ታች አነበበው። "ፊደሉ ተበላሽቷል" አለ፣ በጣቱ እየነካ። "ይህን 'ጠ' የጻፈው ማነው? እንዲህ አይጻፍም..." ሳይጨርሰው ቁጭ አለና አለቀሰ። ከአርባው ወዲህ ያለቀሰው ያን ቀን ነው። ልጅቱ እጄን ለቀቀችና ሄዳ ከጎኑ ተቀመጠች። "አባዬ፣ እማዬ እኔንም ትናፍቀኛለች" ስትለው ሰማሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አላሳምረውም። በአንድ ቀን አልዳነችም። ብዙ ሳምንት እየተሻላት እየባሰባት ነበር የቆየችው። ወጣቶቹ ሳይነጋገሩ ተከፋፈሏት፤ ጠዋት አንዱ ዳቦ ልበደር ብሎ በሯን ያንኳኳል፣ ማታ አንዷ አብሬሽ ልደር ትላለች። ጉትቻዋ ተመለሰላት። ድሬሰሩ ሳጥኑን ሲዘጋ ጥሩ አድማጭ ሆኖ ተገኘ፤ ሐኪም እንዲያያትም እሷንና አባቷን ይዞ እሱ ራሱ አዲስ አበባ ድረስ ሄደ። ሽማግሌው ደግሞ መንገድ ላይ ባገኛት ቁጥር አስቁሞ ይጠይቃታል፤ ዓይኗ ታማኝ ነው ይል ነበር። አንዳንዴ ስታየው ትሸሸግ ነበር፤ ሁለት ሰዓት ስለሚያቆማት።

ሊቀመንበሩ በሚቀጥለው ሐሙስ ያለ ባርኔጣ መጣ። አግዳሚው ላይ ተቀመጠና ብርጭቆ ዘረጋ።

"ምን አዩ?" አልኩት።

"እኔ ወጣት አይደለሁም፣ ጓዲት።"

"ስኳሩ ግን የወጣቶች ነው።"

ብርጭቆውን አግዳሚው ላይ አኖረና "ልጄ ሰሜን ጦር ውስጥ ነው" አለ። "ደብዳቤው ከተቋረጠ ሰነበተ። እናቱን ደህና ነው እያልኩ እዋሻታለሁ።" ቀና ብሎ ወጣቶቹን አየ። "ይሄ ቃለ ጉባኤ ውስጥ አይገባም።" ሳይጠየቅ ሁለት ማንኪያ ስኳር ጨመርኩለት። ከዚያ ወዲያ የስኳሬ ምንጭ ተጠይቆ አያውቅም፤ እንዲያውም ለውይይት ክበብ ተብሎ ከቀበሌው ሱቅ ተጨማሪ ራሽን ተፈቀደልኝ። ሩብ ዓመቱ ሲያልቅ ትካዜው በግማሽ መቀነሱ ለበላይ አካል ሪፖርት ተደርጓል። ፍየሏን ግን በዚያው ሰሞን አረድናት። ባሌ "አሁን ሰደቃው ሞላ" አለ።

በዓመቱ አባቷ ወደ ዱብቲ ተዛወረ፤ እዚያ ያለው የጥጥ እርሻ ጸሐፊ ይፈልግ ነበር። ልጅቱ ስትሰናበተኝ "እትዬ፣ ዳጉ ልኪልኝ፣ እኔም እልካለሁ" አለችኝ። ላከችም። የአሰብ ሾፌሮች ሲመለሱ ወሬዋን ይዘውልኝ ይመጡ ነበር። አንዱ ሾፌር የዱብቲ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ተቀጥራለች አለኝ። "በዓይንህ ነው ወይስ ሰምተህ?" ስለው ሳቀ። "በዓይኔ ነው፣ እትዬ። ታምሜ ሄጄ ካርድ ከመስጠቷ በፊት ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ማታ ትተኛለህ ወይ እያለች አደረቀችኝ። ሰልፉ አይንቀሳቀስም። ሰዉ ያማርራታል።" ያን ቀን ሾፌሩን ምሳ አበላሁት።

ከዚያ መንግሥት ተለወጠ። በዚያ ዓመት መኪኖቹ ቆሙ፣ እርሻው ተበተነ፣ የማውቃቸው ሾፌሮች ግማሹ አልተመለሱም። ሽማግሌው ከብቶቹን ይዞ ወደ አዳይቱ በኩል ወጣ፤ እዚያው ሞተ ብለው ዘመዶቹ ነገሩኝ። የእሷ ወሬ ተቋረጠ። ያኔ ሾፌሮች "ከሎግያ ወዲያ ድንጋይና ንፋስ ነው" ይሉት የነበረው ሜዳ ሰመራ የሚባል ከተማ ሆነ። አርጅቼም ቢሆን ተሳፍሬ ሄድኩ። ከዚያ ዱብቲም ወረድኩ። ሆስፒታሉ ውስጥ የሚያስታውሳት አላገኘሁም። ሰመራ አንድ ቢሮ ውስጥ ያለ ወጣት ስልኳን ጠየቀኝ፤ የለኝም አልኩት። "ደህና ትሆናለች፣ እማማ፣ አይጨነቁ" ብሎ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ።

ስለዚህ ይህን የምታነቡትን እጠይቃችኋለሁ። ቀጭን ናት፣ ረጅም፣ ስትናገር እጇን ቀሚሷ ውስጥ የምትቋጥር። ዛሬ ጎልማሳ ሆናለች። የብር ጉትቻ ታደርግ ይሆናል። ዱብቲ ካርድ ክፍል ትሠራ ነበር፤ አባቷ ጽሑፉ የሚያምር የእርሻው ጸሐፊ ነበር። ያያችኋት ካላችሁ ንገሩኝ። የት እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ፣ ምን ስትሠራ እንደነበረች። በዓይናችሁ አይታችሁ ይሁን ሰምታችሁ፣ ያንንም ንገሩኝ። ደህና ናት ብቻ ብላችሁ አትለፉ።